አንድ ፋብሪካ፣ ሁለት ቧንቧ

(ምስል፦ ቡራዩ፣ የአምቦ መንገድ ዳር። የሕንፃ መሣሪያ መደብር። ግድግዳው ላይ በተርታ የተሰቀሉ የሚያብረቀርቁ ቧንቧዎች። ከውጭ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ይሰማል።)

ተራኪ፦

«የቻይና ነው» የሚለው አነጋገር በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ ገበያዎች ብቻውን ፍርድ ሆኗል። በወሩ ማንጠባጠብ የጀመረ ቧንቧ፣ እጀታው የለቀቀ መጥበሻ፣ ሁለት ጊዜ ታጥቦ ጠጉሩ የረገፈ ብርድ ልብስ፣ ሁሉም በዚህ ቃል ተፈርዶበት ይጣላል። ቻይና ደርሶ የተመለሰ ሰው የሚያወራው ግን ይህን ፍርድ አያጸናም። ዕቃ ሊያመጣ ጓንዡ ወይም ዪዉ የሄደ ነጋዴ ሲመለስ ስለ ከተማው ጽዳት፣ ስለ ምድር ውስጥ ባቡሩ ፍጥነት፣ ስለ መንገዱና ስለ መብራቱ አውርቶ አይጠግብም። በዓይኑ ያየው ያ ሁሉ የቻይና ዕቃ ነው። ኮንቴይነሩ ሲከፈት የሚወጣውም የቻይና ዕቃ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? የዚህ ዝግጅት መልስ አጭር ነው፤ ልዩነቱ በአብዛኛው የሚወለደው ትዕዛዙ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከጠረጴዛው በአንዱ ወገን የተቀመጥነው ደግሞ እኛ ነን።

ጉዞው የትናንት አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቻይና መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን መዳረሻው ሻንጋይ ነበረች። ዛሬ የነጋዴው እግር የሚበዛው ጓንዡ ላይ ነው። ከተማዋ ለጎብኚ የምታሳየው አታጣም። እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው፣ 600 ሜትር የሚረዝመው ማማ አለ። እ.ኤ.አ. በ1894 ተሠርቶ ያለቀው የቸን ቤተሰቦች የአያቶች አዳራሽም ጣሪያውን በሸክላ ምስሎች እንዳስጌጠ እስከ ዛሬ ቆሟል። ፎቶው ሁሉ የሚነሣው እዚያ ነው። ለቡራዩ ቤት ሠሪ የሚጠቅመውን ግን ማንም ፎቶ አያነሣውም፤ እሱም ነጋዴው ያረፈበት ሆቴል የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ነው። በአንድ ጣት ይከፈታል፣ በአንድ ጣት ይዘጋል፣ ከተዘጋ በኋላ ጠብ አይልም። በዚያው በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር፣ ካይፒንግ ውስጥ፣ ሽዌኮው የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ የታወቀችው ቧንቧ በመሥራት ነው። የሆቴሉም፣ ቡራዩ መደብር ውስጥ የተሰቀለውም ቧንቧ የአንድ ሰፈር ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ።

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቧንቧዎች። አንድ እጅ ተራ በተራ ያነሣቸዋል።)

እነዚህን ሁለቱን ዓይን አይለያቸውም፤ ሁለቱም ክሮም ተቀብተው ያበራሉ። እጅ ግን ይለያቸዋል። አንደኛው ከነሐስ የተሠራ ነውና መዳፍ ላይ ይከብዳል። ሌላው የዚንክ ቅይጥ ነው፣ ይቀላል። ሲፈቱ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። በደህናው ውስጥ ሁለት ልሙጥ የሴራሚክ ክቦች አንዱ በሌላው ላይ ተንሸራተው ውኃውን ይዘጋሉ። በርካሹ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ጎማ ነው፤ ጎማው ሲበላ ጠብታው ይጀምራል። የገፈርሳ ግድብ አጠገቡ ሆኖ ውኃ በፈረቃ ለሚደርሰው ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሌሊት ነቅቶ ጠብቆ የሞላው ሮቶ፣ ጠብ ጠብ እያለ ጠዋት ጎድሎ ይጠብቀዋል።

ሁለቱ ቧንቧዎች የሚለያዩበትን ቦታ ለማየት ወደ ዪዉ መሄድ ያስፈልጋል። ዪዉ ሰዎቿ ስኳር ተሸክመው በየመንደሩ እየዞሩ በዶሮ ላባ ይለውጡ የነበረች ድሃ ወረዳ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1982 የአካባቢው አስተዳደር ገበያ እንዲቆም ፈቀደ፤ ዛሬ የዓለም አቀፍ ንግድ ማዕከሏ 75,000 ያህል ሱቆች አሉት። በእያንዳንዱ ሱቅ ሦስት ደቂቃ ብቻ የሚቆም ሰው፣ በቀን ስምንት ሰዓት ቢዞር፣ ለመጨረስ ከ460 ቀናት በላይ ይፈጅበታል። ከሰበታ የሄደው ነጋዴ ግን ያለችው አንድ ሳምንት ወይም ሁለት ነች፤ የሆቴል ይከፍላል፣ የአስተርጓሚ ይከፍላል፣ ዶላሩ ተቆጥሯል። ስለዚህ በየሱቁ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ይሆናል፦ «የመጨረሻ ዋጋው ስንት ነው?» ሻጯ ካልኩሌተሩን ታዞርለታለች። ይቀንሱልኝ ይላል። ትቀንሳለች። ዋጋው ሲወርድ ግን ዕቃው እዚያው አይቆምም። ነሐሱ ዚንክ ይሆናል፣ ክሮሙ ይሳሳል፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ መዳብ ይቀጥናል፣ የብርድ ልብሱ ኪሎ ይወርዳል። ፋብሪካው በተባለው ዋጋ የሚሠራውን ሠርቶ ሰጠ። ለሌላ አገር ገዢ፣ በሌላ ዋጋና በጽሑፍ በሰፈረ መስፈርት፣ ሌላውን ይሠራል።

ቻይና ውስጥ አታላይ ፋብሪካ የለም ወይ? አለ። ናሙናው ሌላ፣ የተጫነው ሌላ ሆኖ የተገኘበት ነጋዴ ብዙ ነው፤ ቁጭቱም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ እዚያው ገበያ ውስጥ መከላከያው ይታወቃል። የተለመደው አሠራር 30 በመቶ ቀብድ ከፍሎ ቀሪውን 70 በመቶ ዕቃው ከመጫኑ በፊት መክፈል ነው። በዚህ መካከል መጋዘን ድረስ የሚሄድ፣ ካርቶን ከፍቶ የሚመዝን፣ ከናሙናው ጋር የሚያመሳክር ሰው ያለው ገዢ በቀላሉ አይታለልም። እንዲህ ያለውን ሰው ማግኘትም ይቻላል፤ ቻይና ተምረው እዚያው የቀሩ፣ ቋንቋውን አቀላጥፈው የሚናገሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። ችግሩ ወጪው ነው። አምስት ካርቶን ቧንቧ በሰው ኮንቴይነር ጥግ አስጭኖ የሚያመጣ ነጋዴ ለተቆጣጣሪ የሚከፍለው ትርፉን ይበላበታል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የገዢው ኪስ ነው። «ሕዝቡ የሚችለው ርካሹን ነው፤ ውዱን ባመጣ ማን ይገዛኛል?» ይላል ነጋዴው። እውነትም አለው። በርካሽ የቻይና ዕቃ ምክንያት ብርድ ልብስ፣ ፔርሙዝና የእጅ ስልክ ያልነበረው ቤተሰብ ዛሬ አለው፤ ይህን የሚንቅ ሰው ችግርን አያውቅም። ነገር ግን ለምሳሌ ያህል እናስላ። 600 ብር የሚሸጥ ቧንቧ ዓመት ቢቆይ፣ 1,500 ብር የሚሸጠው ስምንት ዓመት ቢቆይ፣ በስምንት ዓመት ውስጥ ርካሹን የመረጠ 4,800 ብር ያወጣል፤ የቧንቧ ሠራተኛው ሒሳብ ሳይታሰብ ማለት ነው። ድሃው ይህን ሒሳብ ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። መደብሩ ውስጥ ሁለቱ ቧንቧዎች እኩል ስለሚያበሩ፣ የቱ የቱ እንደሆነ የሚነግረው የለም። 1,500 ብር ከፍሎም ዚንክ ሊደርሰው እንደሚችል ስለሚጠረጥር፣ ከሁለቱ በርካሹ መታለልን ይመርጣል። በብርድ ልብስም ያው ነው፤ ሱሉልታን እንይ። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ የእንጦጦን ጀርባ ተደግፋ የምትበርድ ከተማ ነች። ቻይና ውስጥ ወፍራም ብርድ ልብስ በኪሎ ተመዝኖ ይታዘዛል፤ ሻጩም ገዢውም ኪሎውን ያውቃሉ። ሱሉልታ መደብር ሲደርስ ግን ኪሎው ጠፍቶ የአበባው ሥዕል ብቻ ይቀራል። ቅዳሜ ገበያ የወጣች እናት በጣቷ እየዳበሰች ለመገመት ትገደዳለች።

(ምስል፦ ሰበታ። የባቡር ሐዲድ፣ ከአድማስ እስከ አድማስ።)

መስፈርት ምን እንደሚሠራ ሰበታ ላይ በጉልህ ይታያል። ከጅቡቲ ተነሥቶ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የባቡር መሥመር በዚህ በኩል የሚያበቃው እዚህ ነው። ሠሪዎቹ የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ ሐዲዱም ባቡሩም የቻይና ዕቃ ነው። ሆኖም ሐዲድ «የመጨረሻ ዋጋው ስንት ነው» ተብሎ አይገዛም። የብረቱ ክብደት፣ የድልድዩ አቅም፣ የሚጫንበት ቶን በውል ተጽፎ ይገዛል። ውል ግን ያልተጻፈበትን አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2015 አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ በርካቶቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል። ባቡሩን ስናዝ ነገ የሚያስፈልገውን መለዋወጫና የሚገዛበትን ዶላር አብረን ማሰብ ነበረብን። ይህ ከቡራዩ ቧንቧ ጎማ ጋር አንድ ዓይነት ጉድለት ነው፣ መጠኑ ቢለያይም።

የዶላሩ ነገር ከተነሣ፣ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ላይ መንግሥት ለ38 ዓይነት ዕቃዎች ማስገቢያ የውጭ ምንዛሪ እንዳይሰጥ ከለከለ። ክልከላው የተነሣው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ነው። በወቅቱ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመት ሳይሞላ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ ጥራትን ማንሣት ቅንጦት ነው ይላል። እኔ በተቃራኒው አስባለሁ። ዶላር ርካሽ በነበረበት ጊዜ በዓመቱ የሚጣል ዕቃ ማስገባት ማባከን ነበር፤ አሁን ግን ባሕር የተሻገረ፣ ጉምሩክ የከፈለ፣ በውድ ዶላር የተገዛ ቆሻሻ ማስገባት ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር አንድ ላይ ናቸው። የሦስቱ ከተሞች የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴዎች ቧንቧቸውን በአንድ ወረቀት ቢያዝዙ ባለ 40 ጫማውን ኮንቴይነር መሙላት፣ ለተቆጣጣሪውም ተካፍሎ መክፈል ይችላሉ። ነጋዴ ምንጩን ለጎረቤቱ አያሳይም ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ዪዉ ውስጥ ሁሉም የሚገባው በአንድ በር ነው፤ የተደበቀ ምንጭ ብዙም አልቀረም። ወረቀቱ ላይም ደረጃው ይጻፍ፤ ነሐስ ከሆነ ነሐስ፣ ዚንክ ከሆነ ዚንክ። ቡራዩ ሲደርስ ያው ጽሑፍ ከዋጋው ጎን ይለጠፍ። ርካሹን የሚፈልግ አውቆ ይግዛው።

እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የሚካሄደው የጓንዡ የንግድ ትርኢት በዓመት ሁለት ጊዜ ይከፈታል። በጥቅምቱ ትርኢት የሕንፃ ዕቃዎች ተራ የሚደርሰው በሁለተኛው ዙር ነው። ያን ጊዜ ቡራዩ ውስጥ ክረምቱ ወጥቶ፣ ጭቃው ደርቆ፣ ቆሞ የነበረው ግንባታ ሁሉ ይቀጥላል። በእነዚያ ቀናት ጓንዡ ውስጥ በትዕዛዝ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ቃል፣ ለፋሲካ አዲስ ቤት የሚገቡ ሰዎች ጠዋት ፊታቸውን ሊታጠቡ የሚከፍቱት ቧንቧ ነው።

(ድምፅ፦ ቧንቧ ይከፈታል። ውኃ ይወርዳል። ይዘጋል።)