ወገብ ላይ የተንሸራተተው አጥንት፦ ብሎን ከመታሰሩ በፊት

ዴንቨርና አውሮራ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ ወይም ዕቃ ሲያነሳ የሚውል ሐበሻ ብዙ ስለሆነ ቡና ላይ የወገብ ወሬ አይጠፋም። «ዲስኬ ተንሸራተተ» የሚለው የተለመደ ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን አጥንቱ ራሱ ከታችኛው አጥንት ላይ ወደ ፊት ስለሚንሸራተትበት ሕመም ነው፤ ሐኪሞች ስፖንዲሎሊስቴሲስ ይሉታል።

በልጅነት የአጥንቱ ቀጭን ክፍል ይሰነጠቅና ብዙ ጊዜ አምስተኛው የወገብ አጥንት ይንሸራተታል። ከ50 ዓመት በኋላ ደግሞ መገጣጠሚያው በዕድሜ ይላላና በብዛት አራተኛው በአምስተኛው ላይ ይሄዳል፤ ይህኛው ሴቶች ላይ ይበረታል። ገበያ ውስጥ ጋሪው ላይ ደገፍ ሲሉ እግራቸው የሚቀላቸው፣ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ግን የሚደነዝዛቸው እናቶች አሉ። ጎንበስ ሲሉ የነርቩ መተላለፊያ ስለሚሰፋ ነው። ይህቺን ነገር ለሐኪም መንገር በጣም ይጠቅማል። ኤምአርአይ የሚነሳው ተኝተን ስለሆነ መንሸራተቱ ሊደበቅ ይችላል፤ ቆመን የምንነሳው ኤክስሬይ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ።

ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ በፊዚዮቴራፒ ይጀምራል፤ የሆድና የወገብ ጡንቻ ይጠነክራል። ኮሎራዶ ውስጥ ያለ ሐኪም ደብዳቤም ፊዚዮቴራፒስት ጋ መሄድ ይቻላል፤ ኢንሹራንሳችሁ ይከፍል እንደሆነ ግን ቀድማችሁ አጣሩ። የሕመም ማስታገሻና ነርቩ አጠገብ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌም አለ፤ መርፌው ለጊዜው ያሳርፋል እንጂ አጥንቱን ወደ ቦታው አይመልስም። ወጌሻ አጥንቱን ገፍቶ እንዲያስገባላችሁ ፈጽሞ አትፍቀዱ።

ይህ ሁሉ ሳይረዳ ሲቀርና እግሩ ሲብስ ኦፕሬሽን ይመጣል፤ እኔን እጅግ የሚስበኝ ክርክርም እዚህ ላይ ነው። ነርቩን የተጫነውን አጥንት ማንሳት ብቻ ይበቃል? ወይስ አጥንቶቹን በብሎን አስሮ ማጋጠምም ያስፈልጋል? በ2016 አንድ የሕክምና መጽሔት ሁለት ጥናቶችን በአንድ እትም አወጣ። 66 ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካው ጥናት ማጋጠሙ ትንሽ የተሻለ ውጤት እንዳለው ሲያሳይ፣ 247 ሰዎች የነበሩበት የስዊድኑ ደግሞ ጥቅም አላገኘበትም። በ2021 የኖርዌይ ሐኪሞች 267 ሰዎችን ሁለት ዓመት ተከታትለው፣ ነርቩን ማስለቀቅ ብቻውን ከማጋጠሙ እንደማያንስ አሳዩ። እነዚህ ጥናቶች በዕድሜ የመጣውን ዓይነት የሚመለከቱ ናቸው፤ አጥንቱ በጣም ከተንቀሳቀሰ ወይም ስንጥቅ ካለ ማጋጠሙ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ብሎኑ ለእኔ ለምን አስፈለገ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ሁለተኛ ሐኪም ማማከርም መብታችሁ ነው፤ አውሮራ አንሹትዝ ካምፓስ የሚገኘው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአከርካሪ ስፔሻሊስቶች አሉት። የምታጨሱ ከሆነ ከማጋጠሙ በፊት አቁሙ፤ ሲጋራ አጥንት እንዳይጋጠም ያደርጋል።

በቋንቋ አትሸማቀቁ፤ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለባቸው። ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 250 በመቶ ላልበለጠ ቤተሰቦች ደግሞ፣ ከመስከረም 2022 በፈረንጆች ጀምሮ የሆስፒታል ሂሳብን የሚቀንስ የኮሎራዶ ሕግ አለ፤ ሆስፒታሉ ማመልከቻውን እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ሽንት አልመጣ ካለ፣ ብልት አካባቢ ከደነዘዘ ወይም እግር በድንገት ከከዳ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።