የወደቀው ፈተናው ነው ወይስ አንተ?

ከትምህርት ቤቴ አንደኛ ወጥቼ ነበር ግቢ የገባሁት። እዚያ ግን ሁሉም አንደኛ ነበር! የመጀመሪያው ሚድ ከ30 9 ሲመጣ፣ የወደቀው ፈተናው ሳይሆን እኔ መሰለኝ። እንቅልፍ አጣሁ፤ የእናቴን ስልክ ማንሳት ፈራሁ።

ዛሬ እንደ ሐኪም ሳየው ነገሩ ግልጽ ነው። «እኔ ማነኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልሳችን «ጎበዝ ተማሪ» ብቻ ከሆነ፣ አንድ ውጤት ሙሉ ማንነታችንን ይነቀንቃል።

ምን እናድርግ?
✅ ከውጤት ውጪ ማን እንደሆናችሁ 3 ነገር ጻፉ፦ ልጅ፣ ጓደኛ፣ ኳስ ተጫዋች...
✅ ለፈተና ብላችሁ እንቅልፍ አትሠዉ።
✅ ለምታምኑት ሰው ንገሩ። እኔን ያተረፈኝ የዶርም ጓደኛዬ ነው።

ጭንቀቱ 2 ሳምንት ካለፈው የግቢያችሁ ክሊኒክ ሂዱ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ብቻችሁን አትሁኑ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ፍሬሽማን ለሆኑ ልጆች ሼር አድርጉላቸው።