ወደ ጀልባው ያልተወሰዱት ሴት ልጆች



ባንግላዴሽ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ጎርፍና ረሃብ ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ስለ ጎርፏ ሳይሆን እዚያ ስለተካሄደ አንድ ቆጠራ ነው። ቆጠራው የተካሄደው ከዋና ከተማዋ ከዳካ በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ማትላብ በምትባል ወረዳ ነው። ማትላብ ወንዝና ቦይ የከፋፈላት ዝቅተኛ የሩዝ አገር ናት። ዝናቡ ሲበረታ ጎረቤት ለመጠየቅ እንኳ ጀልባ ያስፈልጋል። ኮሌራ የሚመላለስባት ስፍራ በመሆኗ፣ በ1960 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዳካ ላይ የተቋቋመው የኮሌራ ምርምር ተቋም የመስክ ጣቢያውን በ1963 እዚህ ከፈተ። ከ1966 ጀምሮም ሠራተኞቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን ቀዬውን ለቀቀ እያሉ መመዝገብ ያዙ። ያ መዝገብ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

መዝገብ ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም። ሊንከን ቼን፣ ኢምዳዱል ሐቅ እና ስታን ዲሱዛ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1980 እና በ1981 ባወጧቸው ጥናቶች የማትላብን ሟቾች በጾታና በዕድሜ ለይተው ተመለከቱ። በተወለዱ በመጀመሪያው ወር ከሴቶቹ ይልቅ ወንዶቹ ይበልጥ ይሞታሉ። ይህ በዓለም ሁሉ ያለ የተፈጥሮ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። ከአንድ እስከ አራት ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ የሴቶቹ ሞት ከወንዶቹ እስከ 50 በመቶ በልጦ ተገኘ።

ምክንያቱ ድህነት ነው እንበል? ድህነትማ ወንዱንም ሴቷንም አንድ ጣሪያ ሥር ያገኛቸዋል። የተቅማጥ በሽታ የሚይዛቸው ልጆች ቁጥር ሲታይም በወንዶችና በሴቶች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም። ሕክምናውም ለሁሉም በነፃ ነበር። በሽተኛ የሚያመላልሰው የሞተር ጀልባ እንኳ ገንዘብ አያስከፍልም። ሆኖም ወደ ሕክምናው ጣቢያ የሚወሰዱት ወንዶች ልጆች ከሴቶቹ በ66 በመቶ ይበልጡ ነበር። ለ100 ሴት ሕፃናት 166 ወንዶች ማለት ነው። ምግባቸው ሲታይም ወንዱ ከሴቷ የተሻለ ያገኛል። በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱት ከሴት ሕፃናት 14.4 በመቶ ሲሆኑ፣ ከወንዶቹ ግን 5.1 በመቶ ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ መድኃኒቱ አለ፣ ጀልባው አለ፣ ክፍያ የለም። የጎደለው ቤት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ በእናቶቹ ላይ ለመፍረድ መቸኮል አይገባም። ልጇን ወደ ጣቢያው የምታደርስ እናት የዕለቱን ሥራ ትታ፣ ሌሎቹን ልጆች ለሰው አደራ ሰጥታ፣ ከባሏና ከአማቷ ፈቃድ አግኝታ ነው ከቤት የምትወጣው። ለወንዱ ልጅ ሲሆን ፈቃዱ ቶሎ ይገኛል። ለሴቷ ሲሆን “እስከ ነገ እንየው” ይባላል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ደግሞ ነገን ላያይ ይችላል። ወንዱ ልጅ የእርጅና ጧሪ፣ ባሏ ለሞተባት ሴትም መጠጊያ ነው፤ ሴቷ ግን ወጪ አስወጥታ ወደ ሰው ቤት የምትሄድ ተደርጋ ነው የምትታየው። የእናቲቱ አንጀት እንደ ማንኛዋም እናት ይባባል። ሆኖም ኑሮ የሠራላት ሚዛን ከአንጀቷ በላይ ይናገራል።

ይህን ያነበበ ሰው “ጉዳዩ የእስልምና ነው” ብሎ እንዳይደመድም፣ የሙስሊሙ ቁጥር ጥቂት በሆነባት በህንድ ፑንጃብም ተመሳሳይ አድልዎ በጥናት መገኘቱን ማስታወስ ይገባል። ልማዱ ከሃይማኖት አጥር የተሻገረ ነው። ለእኛ ግን ይህ ማጽናኛ ሊሆነን አይችልም። ቁርኣን ሴት ልጅ ተወለደችልህ ሲባል ፊቱ የሚጠቁረውን የጃሂሊያ ሰው በነህል ምዕራፍ ይወቅሳል። በተክዊር ምዕራፍም ከነሕይወቷ የተቀበረችው ሕፃን በምን ወንጀል እንደተገደለች በቂያማ ዕለት እንደምትጠየቅ ይነግረናል። በአፈር መቅበሩ ቀርቷል። መድኃኒቱ በደጅ እያለ “እስከ ነገ እንየው” ማለትስ ከምን ይቆጠር?

በቡኻሪና በሙስሊም ሰነድ የተላለፈ አንድ ታሪክ አለ። ሁለት ሴት ልጆች ያስከተለች ድሃ ሴት ወደ እመት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ቤት መጥታ ለመነች። ቤት ውስጥ ከአንዲት ተምር በቀር ምንም አልነበረም። ሴትየዋ ያችን ተምር ለሁለቱ ልጆቿ ከፈለችና ራሷ ሳትቀምስ ወጣች። ይህ የተነገራቸው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) በሴት ልጆቹ ተፈትኖ መልካም የዋለላቸው ሰው ከእሳት መጋረጃ እንደሚሆኑለት አስተማሩ። ልብ በሉ፤ ይህች ሴት ከማትላብ እናቶች የተሻለ ሀብት አልነበራትም።

ታሪኩ በማትላብ መዝገብ ቢያበቃ ኖሮ ባልጻፍነው ነበር። ከዚያ በኋላ የተከተለው ነው ደስ የሚያሰኘው።

በተቅማጥ ደሙ የደረቀን ሰው ያለ መርፌ፣ በአፍ በሚጠጣ የጨውና የስኳር ውሕድ ማዳን እንደሚቻል በ1968 ዳካ ውስጥ በተደረገ ሙከራ ተረጋገጠ። ይህ ውሕድ በእኛ አገር ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ወይም ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው ነው። ታዲያ ፓኬቱን ለሚሊዮኖች ቤት ማዳረስ ስላልተቻለ፣ በ1972 በፋዝሌ ሐሰን አቤድ የተመሠረተው ብራክ የተባለ ድርጅት ሌላ መላ ዘየደ። በ1980 ሴት ሠራተኞችን አሰልጥኖ ወደ ገጠር አሰማራ። ሠራተኞቹ ለእያንዳንዷ እናት፣ በገዛ ማድቤቷ፣ በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጨው፣ አንድ ጭብጥ ጉር (ያልተጣራ የሸንኮራ አገዳ ስኳር) እና ግማሽ ሴር ውሃ እንዴት እንደምትበጠብጥ በተግባር አሳዩ። ሊታወሱ የሚገባቸውን ሰባት ነጥቦችም አስጠኑ።

የሥራው ተመራማሪ ዶ/ር ሙሽታቅ ቾውዱሪ ነበሩ። ስታቲስቲክስ የተማሩ፣ የብራክን የጥናት ክፍል የመሩ፣ ኋላም የድርጅቱ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲን የሆኑ ሰው ናቸው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው “ስንት እናት አስተማርን?” ብለው አላቆሙም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተቆጣጣሪ እየላኩ እናቶቹን ይጠይቁ ነበር፤ ውሕዳቸውም ጨው እንዳይበዛበት ላቦራቶሪ ተወስዶ ይመረመራል። የሠራተኛዋ ክፍያም እናቲቱ በምታስታውሰው መጠን ይተመናል። ይህ አሠራር ለብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን ትምህርት ቢሆን ምን አለበት!

ውጤቱ ግን መጀመሪያ ላይ አስደነገጣቸው። እናቶቹ አሠራሩን በደንብ ያውቃሉ፤ ልጅ ሲታመም ግን የሚጠቀሙበት ጥቂቶች ናቸው። ለምን? ጥናቱ ሲቀጥል አንዱ መልስ ከቋንቋ ተገኘ። የመንደሩ ሰው ሐኪሞች ተቅማጥ በሚል አንድ ስም የሚጠሩትን በሽታ በአራት ስሞች ነው የሚያውቀው፤ ዳኤሪያ፣ ዱድ ሃጋ፣ አጂርኖ፣ አማሻ። እናቶቹ ውሕዱ የተነገራቸው ለዳኤሪያ፣ ማለትም እንደ ውሃ ለሚወርደው ብርቱ ተቅማጥ ብቻ መስሏቸው ነበር። ለሌሎቹ አልሞከሩትም። በእኛም አገር “ጥርስ ሊያበቅል ነው” እየተባለ ስንቱ ሕፃን ሳይታከም እንደሚቆይ የሚያውቅ ይህን አይስቅበትም። ሁለተኛው መልስ ደግሞ ሠራተኞቹ ራሳቸው ለገዛ ተቅማጣቸው ክኒን የሚውጡ ሆነው መገኘታቸው ነው። ሦስተኛው መልስ ወንዶቹ ናቸው። ትምህርቱ ለእናቶች ብቻ ተሰጥቶ አባት፣ አያትና አጎት ሳይጠየቁ ቀርተዋል፤ ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ አይተባበርም።

ስለዚህ ትምህርቱ ተስተካከለ፤ ሠራተኞቹም ነገሩን በዓይናቸው እንዲያዩና እንዲያምኑበት ተደረገ። ወንዶቹንም በገበያ፣ በትምህርት ቤትና በመስጊድ ሰብስበው ያነጋግሯቸው ጀመር። ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስደሰተን ይህ ነው። ሕፃን የሚያድን እውቀት ከሶላት በኋላ የሚነገርበት ቦታ ከመስጊድ የተሻለ ከየት ይገኛል? የእኛ ኢማሞችስ ስለ ልጆች ክትባትና ስለ ተቅማጥ ስንት ጊዜ ተናግረው ይሆን?

በአሥር ዓመት ውስጥ 12 ሚሊዮን ያህል ቤተሰብ ተዳረሰ። በ1997 ቾውዱሪና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት ከእናቶቹ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት አስተማማኝ ውሕድ ማዘጋጀት ይችሉ ነበር።

በእኛ ግምት የዚህ ሥራ ትልቁ ፍሬ ከጀልባው ጋር የተያያዘ ነው። መድኃኒቱ እናቲቱ ማድቤት ሲገባ ለሴቷ ልጅ ፈቃድ መለመን ቀረ። ጨውና ጉር ጾታ አይመርጥም፤ የጀልባ ጉዞም የአማት ይሁንታም አያሻውም። እርግጥ ነው፣ ለውጡን ያመጣው ውሕዱ ብቻ አይደለም። ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የሴቶች ትምህርት፣ በ1990ዎቹ ለገጠር ሴት ተማሪዎች የተጀመረው የትምህርት ድጎማ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። በ1990 ከ1,000 የባንግላዴሽ ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ከ140 በላይ ነበሩ፤ በ2020 ወደ 30 ገደማ ወርደዋል። በሴትና በወንድ ሕፃናት ሞት መካከል የነበረው ያ አሳፋሪ ልዩነትም ተወግዷል። ቾውዱሪ ከሌሎች ጋር በ2013 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ድሃ ሆኖ ጤናን ማሻሻል እንዴት እንደተቻለ “የባንግላዴሽ እንቆቅልሽ” ብለው ጽፈውበታል።

እንቆቅልሹ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። ዛሬም ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት የባንግላዴሽ ሴቶች ግማሽ ያህሉ 18 ዓመት ሳይሞላቸው የተዳሩ ናቸው። በሕፃንነቷ ከሞት የተረፈችው ልጅ በአሥራዎቹ ዕድሜ ሌላ ሚዛን ይጠብቃታል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ኦ.አር.ኤስ. በጤና ጣቢያና በፋርማሲ ይገኛል። አንዱ ፓኬት በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ውሃ መቀነስም ሆነ ስኳር መጨመር አይገባም። ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡቱ አይቋረጥበት። ተቅማጡ ደም ካለው፣ ሕፃኑ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ዓይኑ ከሰረጎደ ወይም ከደከመ፣ ወንድ ሆነ ሴት ሳይባል በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።