ውሃው ለምን አረንጓዴ ሆነ?

ባለፈው ሰሞን በሳይንስ ክፍላችን መስኮት ሥር ያለው የዓሣ ገንዳ የጎመን ሾርባ መሰለ። «ስላልታጠበ ነው» ተባለ። ታጠበ፣ ውሃውም ተቀየረ፤ በሁለት ሳምንት ግን ያው ሆነ! ውድ አንባብያን፣ ነገሩ የእጥበት ሳይሆን የምግብ ጉዳይ ነው።

አረንጓዴው ነገር አልጌ (ዋቅላሚ) ነው። እንደ ስንዴ ሁሉ ብርሃን፣ ናይትሮጂንና ፎስፎረስ ይፈልጋል። ሬድፊልድ የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት እንዳሳየው በባሕር ውስጥ የሚኖረው አልጌ በአማካይ ለአንድ የፎስፎረስ አቶም 16 የናይትሮጂን አቶም ይይዛል። አንዱ ከጎደለ እድገቱ ይገታል። ገንዳችን ውስጥ ግን ምን ጎድሎ! ተረኛው ሁሉ ለዓሦቹ እያዘነ እፍኝ እፍኝ ዳቦ ይበትን ነበር፤ ትርፉ ሲበሰብስ ሁለቱም ንጥረ ነገሮች ይጨምራሉ።

ታዲያ ናይትሮጂኑን ብቻ ብንቀንስስ? አይበቃም። ሰማያዊ አረንጓዴ ከሚባሉት መካከል አንዳንዶቹ ናይትሮጂንን ከአየር ይወስዳሉ፤ ፎስፎረስን ግን አይችሉም። በ1973 እ.ኤ.አ. በካናዳ አንድ ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ተከፈለ። በአንዱ ወገን ካርቦንና ናይትሮጂን፣ በሌላው በእነዚሁ ላይ ፎስፎረስ ተጨመረ። አረንጓዴ የሆነው ፎስፎረስ የገባበት ነው።

ይህ ነገር እኛን አርሲ ያለነውን ይነካል። ከተራሮቻችን የሚወርደው የካታር ወንዝ የሚገባው ዝዋይ ሐይቅ ነው፤ የሐይቁ አማካይ ጥልቀት ደግሞ ከ3 ሜትር አይበልጥም። የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) በ1967 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ማዳበሪያ በአካባቢው ገበሬ ዘንድ እየተለመደ መጣ። አንድ ኩንታል ዳፕ 18 ኪሎ ናይትሮጂንና 20 ኪሎ ያህል ፎስፎረስ አለው፤ ይህ ለአልጌ የፎስፎረስ ድግስ ነው። ማዳበሪያው ጠላት ነው ማለቴ አይደለም። ፎስፎረስ አፈር ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ የሚሄደው በአብዛኛው አፈሩ ሲሄድ ነው። በክረምት ካታር ቡናማ ሆኖ ሲወርድ የገበሬው ገንዘብም አብሮ ይወርዳል። እርከን የሌለው ተዳፋት ሐይቁን ይመግባል ማለት ነው።

ሐይቅ ከመጠን በላይ ሲጠግብ አልጌው ሞቶ ይበሰብሳል፣ ኦክስጅን ያልቃል፣ ዓሣ ይታፈናል። አንዳንዱ ሰማያዊ አረንጓዴ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ ይህን መርዝ ውሃ ማፍላት አያጠፋውም።

ወደ ገንዳችን እንመለስና፦ ከእንግዲህ ምግብ በቀን አንዴ፣ ዓሦቹ በጥቂት ደቂቃ የሚጨርሱት ያህል ብቻ ይሰጥ። በየሳምንቱ የውሃው ሩብ ይቀየር፤ የተቀዳው ውሃ የችግኝ ጣቢያችን ይጠጣው። ዳቦ ይዞ የሚመጣ ተረኛ ራሱ ይብላው።