ቡዲዝም ከሂንዱ እምነት ምን ወሰደ? ምንስ ተወ?

 

ልጆቻቸውና እህቶቻቸው በዐረብ አገር በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። እዚያ ከስሪላንካ፣ ከኔፓልና ከህንድ ከመጡ ሴቶች ጋር በአንድ ማድ ቤት ይውላሉ። አንዷ ቡዲስት ነኝ ትላለች፤ ሌላዋ ሂንዱ ነኝ ትላለች። ለመሆኑ ሁለቱ አንድ ናቸው? ቡድሃስ አምላካቸው ነው? የዛሬው ርእሳችን ይህ ነው። የሰውን እምነት ስንናገር ያላለውን አለ ማለት ለሙስሊም አይፈቀድለትም። ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት አቡ ረይሐን አል-ቢሩኒ ሳንስክሪት ተምሮ ስለ ህንዶች እምነት ሲጽፍ ሰዎቹ ራሳቸው የሚሉትን እንዳለ ለማቅረብ ጥሯል። እኛም ይህንኑ ለመከተል እንሞክራለን።

የቡዲዝምን ነገር ለመረዳት መጀመሪያ የበቀለበትን መሬት ማየት ያስፈልጋል። በጥንቷ ሰሜን ህንድ ቬዳ የሚባሉ ቅዱስ ተደርገው የሚታዩ ቃላት ነበሩ፤ እነዚህን የሚያነበንቡትና በእሳት ላይ መሥዋዕት የሚያቀርቡት ብራህማን የሚባሉ ካህናት ናቸው። ከእነርሱ በታች ገዥዎችና ተዋጊዎች፣ ቀጥሎ ነጋዴዎችና አራሾች፣ ከሥር ደግሞ አገልጋዮች ይመጣሉ። ከአራቱም ውጭ ተደርገው የሚጠሉ፣ «የማይነኩ» የሚባሉም ነበሩ። የሰው ነፍስ ዘላለማዊት ናት፤ ሥጋ ሲሞት ወደ ሌላ ሥጋ ትገባለች፤ የሚቀጥለውን ልደት የሚወስነውም የቀድሞው ሥራ፣ ማለትም ካርማ ነው ብለው ያምናሉ። ከዚህ የመወለድና የመሞት አዙሪት መውጣት የሂንዱ ሁሉ የመጨረሻ ምኞት ነው።

ሲድሃርታ ጋውታማ የተወለደው ከነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ) አምስትና ስድስት መቶ ዓመታት ያህል ቀደም ብሎ፣ በዛሬዋ ኔፓል ሉምቢኒ በተባለ ስፍራ፣ ከሻክያ ጎሳ መሪዎች ቤት ነው። ተከታዮቹ እንደሚተርኩት በምቾት አድጎ ሳለ አንድ ቀን ሽማግሌ፣ በሽተኛና አስከሬን ተመለከተ፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣ። በ29 ዓመቱ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ ወጣ። ስድስት ዓመት ያህል ከመናንያን ጋር ሆኖ ራሱን በረሃብ ቀጣ፤ መፍትሔ ግን አላገኘም። በመጨረሻ ቦድ ጋያ በተባለ ቦታ፣ የዋርካ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲያሰላስል እውነቱ እንደተገለጠለት ተናገረ። «ቡድሃ» ማለት የነቃ ሰው ማለት ነው፤ የአምላክ ስም አይደለም። እርሱም ፈጣሪ ነኝ አላለም፤ ከፈጣሪ ተልኬ መጣሁም አላለም። በ80 ዓመቱ እንደማንኛውም ሰው ታሞ ሞተ።

ትምህርቱ በአራት ነገሮች ይጠቃለላል። ሕይወት መከራ ናት፤ የመከራው ምንጭ ጥማት፣ ማለትም ምኞት ነው፤ ምኞት ሲጠፋ መከራ ይጠፋል፤ ወደዚያ የሚያደርሰውም ስምንት ክፍል ያለው መንገድ ነው። መንገዱ አመለካከትን፣ ሐሳብን፣ ንግግርን፣ ተግባርን፣ መተዳደሪያን፣ ጥረትን፣ ንቃትንና ተመስጦን ማቅናት ነው። የምኞት እሳት ፈጽሞ ሲጠፋ ኒርቫና ይሉታል። ተራው ምእመን ነፍስ እንዳያጠፋ፣ እንዳይሰርቅ፣ እንዳይዘሙት፣ እንዳይዋሽና አስካሪ ነገር እንዳይጠጣ ይታዘዛል። ከእነዚህ ውስጥ ሙስሊም የሚቃወመው አንድም የለም።

እንግዲህ ከሂንዱ ምን ቀረለት? ካርማና ዳግም መወለድ ቀሩ። የቬዳን ሥልጣን፣ የደም መሥዋዕትንና ካህን በመወለድ ይበልጣል የሚለውን ግን አልተቀበለም፤ የሰውን ክብር በትውልዱ ሳይሆን በሥራው ለካ፤ ካርማንም በዋናነት ከሐሳብና ከውሳኔ ጋር አያያዘው። ትልቁ ልዩነት ግን ነፍስን የሚመለከተው ነው። ሂንዱው ዘላለማዊት ነፍስ አለች ሲል ቡድሃ ቋሚ የሆነ «እኔ» የሚባል ነገር የለም አለ። ታዲያ ዳግም የሚወለደው ማን ነው? ቡዲስቶች በመብራት ይመስሉታል፤ ከአንዱ ኩራዝ ሌላው ሲለኮስ እሳቱ ያው አይደለም፣ ፍጹም ሌላም አይደለም ይላሉ።

እዚህ ላይ እኛ የምንጠይቀው አለ። ሥራ ሁሉ ዋጋውን ያገኛል ካሉ፣ ያን ሥራ የሚያውቀውና የሚመዝነው ማን ነው? ሂሳብ አለ፤ ሂሳቡን የሚይዝ ግን የለም። ከዚህም የሚከብደው ምሕረት አለመኖሩ ነው። ካርማ አይሰማም፤ ተውበት አይቀበልም፤ የበደለ ሰው «ጌታዬ ሆይ» ብሎ የሚጠራው የለውም። ቡድሃ ስለ ዓለም መጀመሪያ ሲጠየቅ መልስ አልሰጠም፤ ለመከራው መድኃኒት አይሆንም ብሎ አለፈው። እኛ ግን መልሱ ያለው እዚያው የታለፈው ጥያቄ ውስጥ ነው እንላለን።

የሰው ልጅ ደግሞ ያለሚጠራው አልኖር አለ። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ቡድሃን በሰው አምሳል አይቀርጹትም ነበር፤ በዛፍ፣ በመንኮራኩር ወይም በእግር ዱካ ብቻ ይወክሉት ነበር። ከሞቱ ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ግን ሐውልቱ በየአገሩ ተተከለ፤ አበባና ዕጣን ቀረበለት። የተማሩት ቡዲስቶች «ለመምህራችን ክብር እንጂ አምልኮ አይደለም» ይላሉ፤ በተግባር ግን ብዙው ሰው ፈውስና ልጅ ይለምነዋል። በጃፓን ደግሞ አሚዳ የተባለውን ሌላ ቡድሃ ስም እየጠሩ ድነትን የሚሹ አሉ። ይህ ከፊጥራ የመጣ ጥሪ ነው፤ አድራሻውን የሳተ። በፋርስ ቋንቋ ጣዖት የሚጠራበት «ቡት» የሚለው ቃል የወጣው ከቡድሃ ስም መሆኑን ስናስብ፣ አምላክ ነኝ ያላለው ሰው የጣዖት መጠሪያ ሆኖ መቅረቱ ይገርማል።

ንጉሥ አሾካ ከዒሳ (ዐ.ሰ) በፊት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን በካሊንጋ ጦርነት ባፈሰሰው ደም ተጸጽቶ ይህን እምነት አስፋፋ፤ ስሪላንካም የደረሰው በዘመኑ ነው። በተወለደባት ህንድ ግን ቀስ በቀስ ደከመ። ሂንዱዎች ሲቃወማቸው የነበረውን ሰው «የቪሽኑ ዘጠነኛ መገለጫ ነው» ብለው ከአማልክቶቻቸው ጋር ቆጠሩት። ከብዙ ዘመናት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ «የማይነኩ» ከሚባሉት ወገን የተወለዱት ዶክተር አምቤድካር የሂንዱን የመደብ ሥርዓት በመቃወም ከመቶ ሺዎች ጋር ናግፑር ላይ ቡዲስት ሆኑ።

አንዳንድ ጸሐፊዎች በቁርኣን የተጠቀሱት ዙልኪፍል (ዐ.ሰ) ቡድሃ ናቸው፤ ስማቸውም ካደገባት ከካፒላቫስቱ ከተማ የመጣ ነው ብለዋል። የስም መመሳሰል ግን ማስረጃ አይሆንም። አላህ ለየሕዝቡ አስጠንቃቂ እንደላከና ከፊሎቹን እንዳልተረከልን እናምናለን፤ ስማቸው ያልተነገረንን በግምት ነቢይ ማድረግም ሆነ መስደብ የእኛ ሥራ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ከ700,000 በላይ የሮሂንጃ ሙስሊሞች ብዙው ሕዝቧ ቡዲስት ከሆነባት ምያንማር ወደ ባንግላዴሽ ተሰደዱ። ያ ግፍ ራሱ ቡዲዝም የሚያስተምረውን ነፍስ ያለማጥፋት ትእዛዝ የጣሰ ነው። በሪያድ ወይም በቤይሩት ማድ ቤት አብራ ሽንኩርት የምትከትፍ ስሪላንካዊት ግን በዚያ አትጠየቅም።

ቤተሰቦች ወደሚጠይቁት ተግባራዊ ጉዳይ እንምጣ። ሂንዱም ሆነ ቡዲስት ከአህለል ኪታብ ስላልሆኑ ያረዱት ሥጋ አይበላም፤ ኒካሕም ካልሰለሙ በቀር ከእነርሱ ጋር አይታሰርም። ሙስሊም ያረደውን ሥጋ፣ ሩዝና አትክልቱን ግን እነርሱ ስለሠሩት ሐራም አይሆንም፤ ዕቃው ንጹሕ ይሁን እንጂ። ለሐውልት ቀርቦ የተነሳ ምግብ ግን ቢሰጧችሁ በትሕትና ይመለሳል። የሚያመልኩትን መስደብ ክልክል ነው፤ የታመመችውን መጠየቅ፣ ያላትን አደራ መጠበቅ አይከለከልም። ከዚያ የሚላክ ዕቃ ውስጥ ለጌጥ ተብሎ የቡድሃ ምስል ቢገኝ ቤት ውስጥ አይቀመጥም።