ሜሞሪው «ፎርማት ላድርግ?» ሲላችሁ

የሰርግ ወቅት ሲመጣ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ይሆናል። «ሜሞሪውን ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ፎርማት ካልተደረገ አልከፍትም አለኝ። የሰው ሰርግ ነው፤ ምን ላድርግ?»

መጀመሪያ ካንስል በሉት። ካርዱን አውጡና በጎኑ ያለችውን ማንሸራተቻ ወደ «ሎክ» አድርጓት። ማይክሮ ኤስዲ ከሆነ ማንሸራተቻዋ አዳፕተሩ ላይ ናት። «ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብላችሁ አንዲት ፎቶ እንኳ እንዳታነሱበት። ፎቶ ሲሰረዝም ሆነ ካርድ በተለመደው መንገድ ፎርማት ሲደረግ የሚጠፋው በአብዛኛው የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚመዘግበው ሰንጠረዥ ነው። ፎቶው ራሱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ቦታው ላይ ይቆያል። ካሜራው ላይ «ሎው ሌቭል ፎርማት» ተደርጎ ከሆነ ግን ተስፋው በጣም ይመነምናል። ዊንዶውስ «ልጠግነው» ሲላችሁም እሺ አትበሉት፤ የሚጠግነው ሰንጠረዡን ነው፣ ለፎቶዎቻችሁ ግድ የለውም።

ቀጥሎ ካርዱን እንዳለ፣ ባዶ የሚመስለውን ቦታ ጨምሮ፣ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ። ሊኑክስ ላይ ዲዲሬስኪው የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ይሠራል። ከዚያ በኋላ ሙከራው ሁሉ በቅጂው ላይ ይሁን፤ የሚወጣውንም ፋይል ካርዱ ላይ አታስቀምጡ። ለፎቶ እኔ የምጠቀመው ፎቶሬክን ነው፤ እሱም ነፃ ነው። ሰንጠረዡን ትቶ እያንዳንዱ ጄፔግ የሚጀምርበትን የታወቀ ምልክት እየፈለገ ፋይሎቹን ያወጣል። ለዚህም ነው የፋይሉ ስም የማይመለሰው። ግማሹ ደህና ሆኖ ከታች ግራጫ የሆነ ፎቶ ካገኛችሁ፣ ቀሪው ክፍል ሌላ ቦታ ተበታትኗል ወይም ተጽፎበታል ማለት ነው። በሮው አንስታችሁ ከነበረ ግን ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። የብዙ ካሜራዎች ሮው ፋይል በውስጡ ጄፔግ ይይዛል፤ ሮው አልከፍት ሲል እሱ ደህና ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ብዙ ሰው የሚያለቅሰው በቪዲዮ ነው፤ ብዙ ስህተት የሚሠራውም እዚያው ነው። እየቀረጻችሁ ባትሪው ቢያልቅ ፋይሉ ብዙ ጊጋ ሆኖ ይታያል፣ የትኛውም ማጫወቻ ግን አይከፍተውም። ኤምፒ4 ሲቀረጽ ምስሉና ድምፁ ቀድሞ ይጻፋል። የትኛው ፍሬም ከየት እንደሚጀምር የሚናገረው ክፍል፣ «ሙቭ» የሚባለው፣ በብዙ ካሜራዎች የሚጻፈው ቀረጻው ሲቆም ነው። ስለዚህ ቪዲዮው አልጠፋም፣ አላለቀም እንጂ። የተሰረዘ ፋይል የሚፈልጉ ፕሮግራሞችን ደጋግሞ ማስኬድ እዚህ ላይ አይረዳም።

የሚረዳው አንትራንክ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ከዚያው ካሜራ፣ በዚያው ሴቲንግ የተቀረጸ ደህና ቪዲዮ ትሰጡታላችሁ፤ የተበላሸውን በእሱ አምሳል ያስተካክለዋል። አንድ ባልደረባዬ በመልስ ላይ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ባትሪ አልቆበት ፋይሉን ይዞልኝ መጣ። ለናሙና እቤቱ የቀረጸው በሴኮንድ 50 ፍሬም ነበር፤ የወጣው ቪዲዮ የተሰባበሩ ቀለማት ብቻ ሆነ። የሰርጉ ዕለት የቀረጻቸውን ሌሎች ክሊፖች ስናይ 25 ናቸው። ከእነሱ አንዱን ስንሰጠው ምርቃቱ ከነድምፁ ተከፈተ፤ ባትሪው ከመጥፋቱ በፊት ያሉት ጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ጎደሉ። ስለዚህ ናሙናውን ከዚያው ዕለት ቀረጻ ምረጡ።

ኮምፒውተሩ ካርዱን ጭራሽ ካላየው ሪደር ቀይራችሁ ሞክሩ፤ ጥፋቱ የሪደሩ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። በሌላ ሪደርም ካልታየ ሶፍትዌር አይደርስበትም፤ ቺፑን በቀጥታ ማንበብ ለሚችል ባለሙያ ስጡት።

በጣም የሚያናድደኝ ሐሰተኛ ካርድ ነው። ላዩ ላይ 128 ጊጋ ይላል፣ ውስጡ 16 ይሆናል። ካሜራው ምንም ሳይል መቅረጹን ይቀጥላል፤ ከ16 በላይ ያለው ግን ወይ የትም አይጻፍም ወይ የቀደመውን እያጠፋ ይጻፋል። እሱን የሚመልስ ፕሮግራም የለም። ካርድ በገዛችሁበት ቀን ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ መጨረሻው ሞልታችሁ አስነብቡት። ሰዓታት ይፈጃል፣ ግን ሥራ ሳትወጡ እውነቱን ታውቃላችሁ።

ስትጽፉልኝ የካሜራውን ሞዴል፣ ካርዱ ስንት ጊጋ እንደሆነ፣ ከተበላሸ በኋላም ምን ምን እንደተሞከረበት አብራችሁ ላኩልኝ። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመኝ የመጨረሻው ነው።