የኤች አይ ቪ ሕሙማን ደም ስለ ኦክሲዳቲቭ ስትሬስ የሚያመለክተው

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ማክሰኝትም ሆነ በሌላ አካባቢ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የሚገኝ ሰው የጤና ሁኔታ በዋነኛነት የሚታወቀው በቫይረሱ መጠንና በሲዲ ፎር ሕዋሳት ቁጥር ነው። ተመራማሪዎች ከነዚህ በተጨማሪ ኦክሲዳቲቭ ስትሬስ የተሰኘውን ጫና በደም ውስጥ ይለካሉ።

ሰውነት ቫይረስን ሲዋጋ ፍሪ ራዲካል የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል። መጠናቸው ከመከላከያው ሲያልፍ፣ ብረትን እንደሚያዝገው ዓይነት ሂደት የሕዋሳትን ቅባት ያበላሻሉ። ከብልሽቱ የሚገኘው ማሎንዳይአልዲሃይድ በደም ውስጥ ከፍ ሲል፣ ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ እና ሴሊኒየም ሲቀንሱ ጫናው መኖሩን ያመለክታል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ በተለይ በሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ላይ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ሕክምና ባልጀመሩ ሕሙማን ደም ውስጥ የቫይታሚኖቹ መጠን ከጤነኞች ያነሰ መሆኑን፣ ማሎንዳይአልዲሃይድ ደግሞ ሕመማቸው በጸናባቸው ከፍ ማለቱን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከጎንደር የወጣው ጥናት፣ ከነቀርሳው ጋር ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሕሙማን የዚንክና የሴሊኒየም መጠን ቫይረሱ ከሌለባቸው ይበልጥ ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቶታል።

ሆኖም አንድን ቁጥር ይዞ በሽታው እንዲህ አደረገ ማለት ያስቸግራል። በኢትዮጵያ በስፋት የሚገኘው የቫይረሱ ዝርያ ሲ የተሰኘው ሲሆን፣ በምዕራብ አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚበዛው ቢ ነው። በዚያ የተገኘ ውጤት ሳይመረመር እዚህ ሊሠራበት አይገባም። የአመጋገብ ልዩነትም አለ። ሴሊኒየም ወደ ሰው የሚደርሰው ከአፈሩ በእህሉ በኩል በመሆኑ ጤነኛ ገበሬም ቢሆን እንደሚኖርበት ቦታ መጠኑ ይለያያል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አገር አቀፍ ጥናትም እጥረቱ በስፋት የሚታይና ከአካባቢ አካባቢ የሚለያይ መሆኑን አረጋግጧል። የማክሰኝት ነዋሪ ውጤት በቅድሚያ መነጻጸር ያለበት ከጤነኛ ጎረቤቱ ጋር ነው ማለት ነው። ናሙናውም ራሱ ጥንቃቄ ይሻል፤ ደሙ ሳይጣራ በሙቀት ከቆየ በመንገድ ላይ የተፈጠረው ለውጥ የሕመሙ ምልክት መስሎ ሊታይ ይችላል።

መለኪያው ዝቅ ብሎ ሲገኝ ቫይታሚን በብዛት መውሰድ መፍትሔ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዳሬሰላም የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በጀመሩ ከ3 ሺህ በላይ ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነው ጥናት፣ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ከመደበኛው የተሻለ ጥቅም አለማስገኘቱን፣ ይልቁንም የጉበት ጉዳት አመልካች የሆነውን ኢንዛይም ከፍ ማድረጉን ገልጿል። በጎንደሩ ጥናት ደግሞ የሕሙማኑ ዚንክ ከፍ ብሎ የተገኘው፣ ቫይረሱ ባለባቸውም ሆነ በሌለባቸው፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናው የመጀመሪያ ምዕራፍ ሲጠናቀቅ ነበር።